የኢንተርኔት ሱቅን ወደ አዲስ መድረክ ስለ ማዛወር

አንድ ነጋዴ ሱቁን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ሲያዛውር፣ የቀድሞ ደንበኛው መጥቶ በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው ጐረቤቱን ይጠይቃል። ጐረቤቱም፣ «ወደ ታችኛው መንገድ ወርዷል፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ታገኘዋለህ» ብሎ ያመለክተዋል። በኢንተርኔት ላይ ግን እንዲህ ያለ ጐረቤት የለም። ደንበኛው የለመደውን አድራሻ ጽፎ ገጹን ቢያጣው፣ የሚያየው «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» የሚል አጭር ማስታወቂያ ነው፤ እርሱንም አንብቦ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል። ስለዚህ የኢንተርኔት ሱቅን ከአንድ መድረክ ወደ ሌላ መድረክ ለማዛወር ያሰበ ነጋዴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አድራሻውን፣ መዝገቡንና የደንበኞቹን እምነት ሳያጐድል እንዴት እንደሚያሻግር ማሰብ ይኖርበታል። የአዲሱ ገጽ ቀለምና ሥዕል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጕዳይ ነው፤ ምንም እንኳ አማካሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዚያው ቢሆንም።

የገበያ መዛወር ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም እንደ ነበረና በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንደ ተዛወረ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙ የመጣው ከወራሪው መንግሥት ስለ ነበረ ነጋዴው ቀኑን ለመምረጥ አልቻለም። የዛሬው የኢንተርኔት ነጋዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚወስነው ራሱ ነው። ይህንን ዕድል በዝግጅት ሊጠቀምበት ይገባል።

ስለዚህ ጕዳይ በላስታ ደጋ ላሉ ነጋዴዎች መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ቅርብ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች መካከል ናቸው፤ ከዚያም በኋላ የአካባቢው የእጅ ሥራ፣ ማርና የበግ ጠጕር ባና ገዢ ያገኝ የነበረው በአብዛኛው በእንግዳው እግር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ቀጥሎ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ አደረገው። እንግዳው ሲቀር ዕቃው ወደ እንግዳው መሄድ ነበረበት። ይህን ለማድረግ ብዙዎች ያገኙት መንገድ ኢንተርኔት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንዲት ነጋዴ በምሳሌ እናስብ። ይህች ነጋዴ ከኩልመስክና ከአካባቢው ገጠር ባናና ማር ትሰበስባለች እንበል፤ ዕቃውን አዲስ አበባ ላለች እኅቷ ትልካለች፤ እኅትየውም በኢንተርኔት ሱቁ የመጣውን ትእዛዝ እየተቀበለች ለአዲስ አበባ ገዢዎችና በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ታደርሳለች። ደንበኞቿ በቍጥር ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ደንበኛ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚገዛ ነው። እንዲህ ላለው ንግድ በመዛወር ምክንያት ጥቂት ደንበኞችን ማጣት ማለት የአንድ ሸማኔ ቤት የወቅት ገቢ መጥፋት ማለት ነው።

ለመሆኑ ነጋዴ ሱቁን ለምን ያዛውራል? ምክንያቱ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል።

አንደኛው ዋጋ ነው። ከውጭ አገር በኪራይ የሚገኙት መድረኮች ወርኃዊ ክፍያቸው በዶላር ነው። ሾፒፋይ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ መሠረታዊውን ወርኃዊ ኪራይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ29 ወደ 39 ዶላር ከፍ አደረገ። በአገራችን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሆነ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። እንግዲህ ባለ 39 ዶላሩ ኪራይ ከ2,200 ብር ገደማ ተነሥቶ ወደ 4,000 ብር መድረሱ ነው፤ ነጋዴዋ ግን አንድ ባና እንኳ ጨምራ አልሸጠችም። በዚህ ላይ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ መቀበያ በኢትዮጵያ ለተቋቋመ ነጋዴ አይሰጥም። ስለዚህ ኪራዩን በዶላር እየከፈሉ ገንዘቡን ለመቀበል ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የመድረኩ ማርጀት ነው። ማጀንቶ የተባለው የሱቅ መሥሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በዓለም ላይ አያሌ ሱቆች ተሠርተውበት ነበር። ባለቤቱ አዶቢ እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 2020 ለመጀመሪያው ትውልድ ፕሮግራም የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መድረክ የቀረ ሱቅ፣ ጠባቂው እንደ ሄደ መጋዘን የሚቈጠር ሆነ።

ሦስተኛው፣ ለእኛም ይልቁን የሚያሠጋው፣ ሱቁ የቆመበት መሬት የራስ አለመሆኑ ነው። ከአገራችን የኢንተርኔት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የሚሸጡት በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽና በቲክቶክ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. እነዚህ አገልግሎቶች በአገሪቱ በቀጥታ እንዳይገኙ ተደርገው በቆዩ ጊዜ፣ ሱቁ በቴሌግራም ብቻ የነበረ ነጋዴ ሱቁ በሙሉ ከፊቱ ተሰወረበት። ከዚህም በላይ ብዙዎች ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። የቴሌግራም ቻናል ባለቤት የተከታዮቹን ብዛት ያያል እንጂ ስልክ ቍጥራቸውን አያገኝም። 10,000 ተከታይ ያለው ነጋዴ ወደ ሌላ መድረክ ልሂድ ባለ ጊዜ ይዞ የሚሄደው ደንበኛ በእጁ የጻፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቁን ለማዛወር ገና ያላሰበ ሰው እንኳ፣ የገዢውን ስምና ስልክ ፈቃዱን ጠይቆ በራሱ መዝገብ መያዝ ከዛሬ ይጀምር።

ወዴት ይዛወሩ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም። የኢትዮ ቴሌኮም ዘመን ገበያ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ እንዲህ ያለው የአገር ውስጥ ገበያ ሒሳቡ በብር መሆኑና ክፍያው ሕዝቡ በለመደው በቴሌብር መቀበል መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በሰው ገበያ ውስጥ እንደ ተከራዩት መደብ ስለ ሆነ፣ አድራሻውም ደንብ የማውጣቱም ሥልጣን የገበያው ባለቤት ነው። በራስ ስም ዶሜን ተከራይቶ፣ እንደ ዉኮሜርስ ባለ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም የራስን ሱቅ ማቋቋም ደግሞ ነፃነት ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ጠባቂና ጠጋኝ ባለሙያ ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት ለትንሽ ነጋዴ የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ይኸውም ዋናውን ሱቅ በራስ አድራሻ ማቆም፣ በትልቁ ገበያም መደብ መያዝ፣ ቴሌግራሙንም እንደ ለፋፊ ማስቀረት ነው።

ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቈጠራ ነው። ሱቅ በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ እዚህም በአሮጌው መድረክ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተቈጥሮ ይጻፋል፤ የዕቃ ስም፣ መግለጫ፣ ዋጋ፣ ፎቶግራፍ፣ በእጅ ያለ ብዛት፣ የደንበኛ መዝገብ፣ ያለፈ ትእዛዝ፣ ያልተፈጸመ ትእዛዝ፣ ደንበኞች የሰጡት አስተያየት፣ የቅናሽ ቃል ኪዳን ሳይቀር። ከዚህ ጋር የቍልፎች ዝርዝር ይዘጋጅ። ዶሜኑ በማን ስም ተመዝግቧል? የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? የክፍያ መቀበያው ውል የተፈረመው በማን ነው? ገጹን የሠራው ባለሙያ ዶሜኑን በራሱ ስም ያስመዘገበው እንደ ሆነ፣ ነጋዴው የሱቁ እንጂ የአድራሻው ባለቤት አይደለም። ይህ ጕዳይ ዝውውሩ ከተጀመረ በኋላ ቢደረስበት ብርቱ ጣጣ ያመጣል፤ ስለዚህ ስሙ ሳይስተካከል አንድ ርምጃ እንኳ ወደ ፊት መሄድ አይገባም።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስና ጥቂት ረዘም አድርገን እንነጋገር፤ የውጭ አገር መጻሕፍት የማይነግሩን ችግር ያለው በዚህ ነውና።

መድረኮች መዝገባቸውን የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ ሲ ኤስ ቪ በሚባል የሠንጠረዥ ፋይል ነው። ነጋዴው ይህን ፋይል በኤክሴል ሲከፍት፣ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጕም በሌለው ምልክት ተለውጦ ያገኘው ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኤክሴል ጽሑፉ በዩኒኮድ መጻፉን ባለማወቁ ነው። የሚከፈተው በቀጥታ ጠቅ በማድረግ ሳይሆን «ዳታ አስገባ» በሚለው መንገድ፣ ዩ ቲ ኤፍ 8 የሚለውን መርጦ ነው። ነጋዴው ደንግጦ ያንኑ የተዛባ ጽሑፍ በላዩ ላይ ያስቀመጠው እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ይበላሻል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የዕቃ ዝርዝሮች ዛሬም በየነጋዴው ኮምፒዩተር አሉ። እነዚህ ፊደላቸው ሲነሣ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ናቸውና በመለወጫ ፕሮግራም ሳይለወጡ ወደ አዲሱ መድረክ ሊገቡ አይችሉም።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። «የበግ ፀጉር ባና» የሚለውን አንዱ ሠራተኛ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ»፣ ሦስተኛው «ጠጕር» ብሎ፣ አራተኛው «ጠጉር» ብሎ አስገብቶት ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ለመድረኩ ግን አራት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ፈላጊው በአንዱ ቢጽፍ ሦስቱን አያገኝም። የኩልመስክ ስም ራሱ በ«ኩ»ም በ«ኵ»ም ይጻፋል። አሮጌው መድረክ ምናልባት ይህን እንዲያቻችል ተደርጎ ተሠርቶ ከሆነ፣ አዲሱም ይህን ያደርጋል ብሎ መገመት አይገባም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አሰልቺ ነው፤ አንድ አጻጻፍ መርጦ ዝርዝሩን በሙሉ ማስተካከልና፣ የቀሩትን አጻጻፎች ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግለው የቍልፍ ቃል ሣጥን ማስገባት። ፊደሉ ይስተካከል ብሎ ትግል የሚጀምር ወዳጅ ቢገኝ፣ ሊቃውንት ያልጨረሱትን ክርክር ሱቁ አይጨርሰውምና ክርክሩን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሦስተኛው ቍጥር ነው። የስልክ ቍጥር በሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ሒሳብ ቍጥር ከተቈጠረ መነሻው ዜሮ ይጠፋል፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ባለ 10 አኃዝ ቍጥር 9 አኃዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባለ 13 አኃዝ የባንክ ሒሳብ ቍጥር ደግሞ በምሕፃር ተጽፎ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ከዓይን ይሰወራሉ፤ ከ15 አኃዝ በላይ የሆነ የትእዛዝ ቍጥር ከሆነም የተረፉት አኃዞች ወደ ዜሮ ተለውጠው ከነጭራሹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ፋይሉ ሲከፈት እነዚህ ዓምዶች «ጽሑፍ» ተብለው ይመዝገቡ። ስልኩንም ሁሉ በ251 በሚጀምር አንድ ዓይነት አጻጻፍ ማድረግ የሚሻል ነው፤ በውጭ አገር ያሉ ደንበኞችም በዚያው መዝገብ ውስጥ አሉና።

አራተኛው ቀንና ሰዓት ነው። መድረኮቹ ጳጕሜን የሚባል ወር አያውቁም፤ ሰዓታቸውንም ብዙዎቹ የሚመዘግቡት ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ መለኪያ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት የመጣ ትእዛዝ በመዝገቡ 05፡00 ተብሎ ይገኛል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የመጣውም በቀደመው ቀን ይመዘገባል። የወሩን ሽያጭ ከግብር ደረሰኝ ጋር የሚያስተያየው ሒሳብ ሹም ይህን ሳያውቅ ከቀረ፣ የሌለ ጉድለት ሲፈልግ ሊያድር ነው።

ከዚህ ሌላ የመድረሻ አድራሻ ጕዳይ አለ። በአሮጌው መዝገብ ውስጥ የአገር ውስጥ ደንበኛ አድራሻ «ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር» ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ከውጭ የመጣው መድረክ የመንገድ ስም፣ የቤት ቍጥርና የፖስታ መለያ ካልተሞላ ትእዛዙን አልቀበልም ሊል ይችላል። እነዚህ ግዴታዎች ከመከፈቱ በፊት ይነሡ። በዚያውም መድረኩ በራሱ የሚጽፈው «በ3 ቀን ይደርሳል» የሚል ተስፋ ይታረም፤ ከኩልመስክ የሚነሣ ዕቃ እንደ መንገዱ ሁኔታ ነውና።

አድራሻውን በሚመለከት፣ እያንዳንዱ የዕቃ ገጽ የራሱ አድራሻ አለው። ደንበኞች ያስቀመጡት፣ ለዘመድ የላኩት፣ ጎግል የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓምድ ሰነድ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ዓምድ አሮጌው አድራሻ፣ በሌላው የሚተካው አዲሱ። ባለሙያው በዚህ ሰነድ መሠረት በቍጥር 301 የሚታወቀውን ቋሚ ማስተላለፊያ ያቆማል፤ ይህ ማስተላለፊያ በመግቢያችን የጠቀስነውን ጐረቤት ይተካል። ጎግል ራሱ ማስተላለፊያው ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለአዲሶቹ ገጾች አድራሻ ሲመረጥ የላቲን ፊደል መጠቀም ይሻላል፤ የአማርኛ ፊደል በገጽ አድራሻ ውስጥ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ሊለወጥ ስለሚችል፣ «ባና» የምትለው አጭር ቃል 18 ምልክት ትሆንና በቴሌግራም የላኩት አድራሻ አስፈሪ ይሆናል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ግን ማስተላለፊያ የለውም፤ አዲሱን አድራሻ በቻናሉ አናት ሰክቶ ለወራት ደጋግሞ ከመንገር በቀር።

የደንበኞች የይለፍ ቃል ከመድረክ ወደ መድረክ ብዙውን ጊዜ አይሻገርም፤ በምስጢር ተቈልፎ የሚቀመጥ ነውና ነጋዴውም ሊያነበው አይችልም። ይህ ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደሚጐዳ የእንግሊዙ ስመ ጥር ሱቅ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር አይቶታል። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የኢንተርኔት ሱቁን ከአማዞን መድረክ ወደ ራሱ አዲስ መድረክ አዛወረ፤ 150 ሚሊዮን ፓውንድ ያህልም አውጥቶበታል። ይሁን እንጂ የቀድሞ ደንበኞቹ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሆነው ሳሉ ሁሉም እንደ ገና መመዝገብ ግዴታቸው ሆነ። እስከ ጁን 28 ቀን በነበሩት 13 ሳምንታት የኢንተርኔት ሽያጩ ከቀደመው ዓመት በ8.1 በመቶ ዝቅ አለ፤ ኩባንያውም የአዲሱን ገጽ መለማመጃ ጊዜ በምክንያትነት አቀረበ። የኛ ነጋዴ ከዚህ የሚያድንበት ርካሽ መንገድ አለው፤ መግቢያውን በይለፍ ቃል ፋንታ ወደ ስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቍጥር ማድረግ፣ ወይም ሳይመዘገቡ መግዛትን መፍቀድ ነው።

የደንበኞችን መዝገብ ማሻገር የሕግ ጕዳይም አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚይዝ ሁሉ በምን ምክንያት እንደሚይዘው እንዲያሳውቅና በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ይጠይቃል፤ መረጃው ከአገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር ሲሄድም የተለየ ደንብ አለው። ስለዚህ ለደንበኞች የሚላከው ማስታወቂያ አዲሱን አድራሻ ከመንገር ጋር መዝገባቸው ወዴት እንደሚሄድ ቢገልጽ መልካም ነው። አላስፈላጊውን መረጃ ደግሞ ጭራሽ ይዞ አለመሄድ ይበጃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ውልና ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ስለ ሰጠ፣ የቀድሞ ትእዛዞች መዝገብ ለማስረጃ ያገለግላልና ግልባጩ ይጠበቅ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በቴሌብር፣ በቻፓ፣ በአሪፍፔይ ወይም በሌላ የክፍያ መቀበያ የሚሠራ ሱቅ፣ ደንበኛው በከፈለ ጊዜ መቀበያው ለሱቁ «ተከፍሏል» ብሎ የሚያስታውቅበት አድራሻ አለው። ሱቁ ሲዛወር ይህ አድራሻ ካልተለወጠ፣ ገንዘቡ ወደ ነጋዴው ሒሳብ ይገባል፤ ሱቁ ግን ክፍያው መፈጸሙን አያውቅም። ደንበኛው ከፍሎ፣ ነጋዴው ተቀብሎ፣ ትእዛዙ «አልተከፈለም» ተብሎ ይሰረዛል። ከዚህ የከፋ የደንበኛ ቅሬታ አይገኝም። ስለዚህ ለመቀበያው ድርጅት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ለአዲሱ ሱቅ አዲስ ምስጢራዊ ቍልፍ መቀበል፣ በጥቂት ብርም በእውነተኛ ስልክ እየከፈሉ መፈተን ያሻል። ፈተናው ክፍያ ተሳክቶ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ኔትወርክ በመካከል ሲቋረጥ፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ሲጫን፣ ገንዘብ ሲመለስም ጭምር ይደረግ። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ የተቈጠረ ይሁን ወይም በላዩ የሚደመር፣ አዲሱ መድረክ እንደ አሮጌው ማስላቱ ይረጋገጥ።

በገንዘብ ሥርዓት ላይ ለውጥ ሲደረግ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም። መጋቢት 6 ቀን ለ7 አጥቢያ በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው ችግር፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ ወጪ የሆነው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረና ምክንያቱም የውጭ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ይደረግ ከነበረ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመልሷል። ባንክ ሒሳቡን ተከታትሎ ለማስመለስ ኃይል አለው፤ ሁለት መቶ ባና ያላት ነጋዴ ግን ይህ ኃይል የላትም።

ቀኑን ስለ መምረጥ። ከገና፣ ከፋሲካና ከአዲስ ዓመት በፊት ባሉት 6 ሳምንታት ከቶ አይዛወሩ። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ የሚከበረው የልደት በዓል በውጭ ያለውን ወገን የላስታን ዕቃ የሚያስታውሰው ወቅት ነውና፣ ለምሳሌ ያደረግናት ነጋዴ በኅዳርና በታኅሣሥ አሮጌውን ሱቅ እንዳለ ትጠብቅ። ከልደትና ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ጸጥ ያሉ ስለሆኑ ይመቻሉ። ሥራው የሚሠራበትም ስፍራ ይታሰብበት። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በጦርነቱም ጊዜ መብራትና ስልክ ጠፍተው ነበር። ስለዚህ ቍልፎቹ ሁሉ በላስታ ባለው ሰው እጅ ብቻ ሳይሆኑ በሌላ ስፍራ በታመነ ሰው እጅም ይገኙ፤ በምሳሌያችን እኅትየዋ ናት። ዝውውሩን የምታካሂደው እርሷ፣ ዕቃውን የምትቈጥረው ነጋዴዋ ትሁን።

ከዝውውሩ ሁለት ሳምንት በፊት አዲሱ ሱቅ ለሕዝብ ሳይከፈት ተሠርቶ ይለቅ። ከመዝገቡ 20 ያህል ዕቃና 20 ያህል ደንበኛ በዕጣ ተመርጠው ከአሮጌው ጋር መስመር በመስመር ይስተያዩ። ፈተናው ፈጣን መስመር ባለው ቢሮ ውስጥ በአዲስ ኮምፒዩተር ብቻ አይደረግ፤ ርካሽ ስልክ ይዞ፣ ኔትወርክ በሚያንስበት ስፍራ ቆሞ፣ የአንድ ባና ፎቶግራፍ እስኪታይ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይታይ። ብዙዎቹ አዳዲስ መድረኮች ያማሩና የከበዱ ናቸው። ፎቶግራፎቹ ካልቀነሱ የደንበኛው የኢንተርኔት ጥቅል በማየት ያልቃል።

በዝውውሩ ቀን ዋነኛው አደጋ ሁለቱ ሱቆች በአንድ ጊዜ መሸጣቸው ነው። በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ቢሆን ሌላ አምጥቶ መተካት ይቻላል፤ በእጅ የተሠራ ባና ግን እያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀለሙና ጥለቱ የማይደገም ነው። በአሮጌው ሱቅ የአሜሪካው ደንበኛ፣ በአዲሱ የአዲስ አበባው ደንበኛ በአንድ ሌሊት ከገዙት ከሁለት አንዱ የሚያዝን ይሆናል። ስለዚህ በተወሰነው ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፣ የአሮጌው ሱቅ የመግዣ ቍልፍ ይዘጋ፤ ዕቃው ግን እየታየ ይቆይ፣ «ከነገ ጀምሮ በአዲሱ አድራሻችን እንሸጣለን» የሚል ጽሑፍም ይኑረው። የመጨረሻዎቹ ትእዛዞች ተለቅመው ይጻፉ፤ ተከፍሎባቸው ያልተላኩት በአሮጌው መዝገብ ይፈጸሙ እንጂ ወደ አዲሱ አይሻገሩ፤ የዕቃው ብዛት ከእነርሱ ተቀንሶ ወደ አዲሱ ይግባ። የዶሜኑ አቅጣጫ ሲለወጥ ለውጡ በየኔትወርኩ እስኪዳረስ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ባለሙያው የማደሻ ጊዜውን ከጥቂት ቀን በፊት እንዲያሳጥረው ይታዘዝ።

ከመከፈቱ በፊት ደግሞ አንድ ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ ምን ቢሆን ወደ አሮጌው ሱቅ እንመለሳለን? ለምሳሌ፣ እስከ ቀትር ድረስ ክፍያ ሦስት ጊዜ ቢሰናከል እንመለሳለን ብሎ መወሰን ነው። በጭንቀት ሰዓት የሚደረግ ውሳኔ ብዙ ጊዜ «ጥቂት እንታገሥ» የሚል ስለ ሆነ፣ ውሳኔው አእምሮ በረጋ ጊዜ መደረጉ ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ሳምንት ነጋዴዋ በየማታው ሦስት ነገሮች ታስተያይ፤ በአዲሱ ሱቅ የተመዘገበውን ሽያጭ፣ በክፍያ መቀበያው የገባውን ገንዘብና ከመጋዘኑ የወጣውን ዕቃ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ምክንያቱ በዚያው ሌሊት ይፈለግ። ለቋሚ ደንበኞች ግን ማስታወቂያ ከመላክ ይልቅ ስልክ መደወል ይበልጣል፤ «ሱቃችን አድራሻ ለውጧል፤ እንደምን ሰነበቱ፣ ያለፈው ባና ተስማማዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ሰው ለአንድ ደቂቃ የሚያናግር ሥራ ነው። 40 ቋሚ ደንበኞች ቢኖሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃል።

የአሮጌውን መድረክ ኪራይ በማግስቱ ማቋረጥ አይገባም። ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ወር ይቆይ፤ ወጪው ቢያሳስብ ዝቅተኛው የኪራይ ዓይነት ይመረጥ። ማስተላለፊያው በአሮጌው መድረክ ላይ የቆመ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ እስኪሞላ መክፈል ግድ ነው፤ በራስ ዶሜን ላይ የቆመ ከሆነ ግን ዶሜኑን በየዓመቱ ማደስ ብቻ ይበቃል። ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት የትእዛዞችና የክፍያዎች መዝገብ በሙሉ በሁለት ቅጂ ይውጣ፤ አንዱ በፍላሽ ዲስክ፣ ሌላው በወረቀት ታትሞ ከየዓመቱ የግብር ደረሰኝ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።